ዋናውን ፓስወርድ አትጠይቁኝ
(በባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር፣ በእድር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ጎረቤቶቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ሊቀመንበራችን «ሩብ ሰዓት ይበቃሃል» ብለውኛል። እኔን የምታውቁኝ በጸሐፊነቴ ነው። መዝገብ እይዛለሁ፣ ስም እጠራለሁ፣ የቀረውን እቀጣለሁ። ዛሬ መዝገቡን ዘግቼ ስለ ኢንተርኔት ላወራችሁ ነው። የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ወር በገባ ቁጥር የምከፍል ደንበኛ ነኝ። ደግሞ የምናዘዘው ጥፋት አለኝ። እሱን መሃል ላይ እነግራችኋለሁ፤ ቡና የሚቀርበው ያኔ ይሁንልኝ።

በ2015 ሐምሌ መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ታስታውሳላችሁ። ወራት ፈጀ። እኔ ቤት የገመድ ኢንተርኔት ነበረ፤ እሱ ይሠራል። ሳምንት ሳይሞላ ግቢዬ ሰርግ ቤት መሰለ። ውጭ አገር ልጅ ያላት እናት ትመጣለች። ምደባውን የሚያይ ተማሪ ይመጣል። አንዱ ባጃጁን አጥሬ ጥግ አቁሞ፣ እግሩን መሪው ላይ ሰቅሎ፣ ቪዲዮ ያወርዳል። የዋይፋይ ፓስወርዱን የነገርኩት ለሦስት ሰው ብቻ ነበር። ሦስቱ ለማን እንደነገሩ እግዜር ይወቅ።

ማንስ ይከለክላል? ድሮ ጎረቤት እሳት ልትጭር ስትመጣ ማን መለሳት? ፓስወርድ መንፈግም እንደዚያ ነው የሚታየን። ይሉኝታው አያስችልም። ልዩነቱ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እሳት የጫረች ጎረቤት ፍሟን ይዛ ትሄዳለች። ፓስወርድ የወሰደ ሰው ግን ይዞ የሄደው ቁልፍ ነው። ቁልፉም በልጁ ስልክ፣ በወንድሙ ስልክ፣ በጓደኛው ስልክ ይባዛል።

አንድ ማታ የዩኒቨርሲቲው ፖሊ ግቢ የሚማር የሰፈራችን ልጅ መጣ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት?» አለኝ። በስልኩ 192.168.1.1 ብሎ ጻፈ። ስምና ፓስወርድ የሚጠይቅ ገጽ መጣ። ልጁ ሁለቱም ላይ «አድሚን» ብሎ ሞላ። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ።

የዋይፋይ ሳጥናችን፣ ራውተር የሚሉት፣ ሁለት ቁልፍ አለው። አንደኛው ዋይፋይ ለመጠቀም የምንሰጣጠው ነው። ሁለተኛው ራሱን ሳጥኑን የሚያዝዘው ነው። ሁለተኛው መኖሩን እኔ አላውቅም ነበር። ልጁ እዚያው ገጽ ላይ የተያያዙትን መሣሪያዎች ዝርዝር አወጣልኝ። ቆጠርን። 23። ቤቴ ያሉት አራት ናቸው። ከዝርዝሩ አንዱ ቴሌቪዥን ነው። የእኔ ቴሌቪዥን እንኳን ኢንተርኔት ሪሞትም አይሰማም።

«ታዲያ ምን ይመጣል? ትንሽ ኔት ቢጠጡብኝስ?» አልኩት። «እሱማ ቀላሉ ነው» አለኝ። ሁለተኛውን ቁልፍ የያዘ ሰው ሳጥኑ መንገድ የሚጠይቅበትን አድራሻ መቀየር ይችላል። እናንተ የባንካችሁን ገጽ ስትጠሩ፣ አስመስሎ ወደ ሠራው ገጽ ሊመራችሁ ይሞክራል። ሳጥኑን የሌላ ሰው ወታደርም ሊያደርገው ይችላል። ይህ ተረት አይደለም። ሚራይ የተባለ ቫይረስ በዓለም ዙሪያ የደኅንነት ካሜራና የቤት ራውተር እየለቀመ ሠራዊት አደረገ። የሰበረው መቆለፊያ የለም። ከፋብሪካ ሲወጡ የተሰጧቸውን ከ60 የሚበልጡ ስምና ፓስወርዶች እየሞከረ ነው የገባው። ጥቅምት 2009 ላይ በዚያ ሠራዊት አንድ ትልቅ የኢንተርኔት አገልግሎት ድርጅት ሲመታ፣ ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሰሉ ገጾች ለብዙ ሰው ለሰዓታት አልከፈት አሉ። የሠሩት ደግሞ ወጣቶች ናቸው። የእኛን ልጆች የሚያክሉ።

እዚህ ላይ በአምራቾቹ እናደዳለሁ። አንድ አናጺ ለሰፈሩ ሁሉ በር ሠርቶ የሁሉንም ቁልፍ አንድ ዓይነት ቢያደርገው ምን ትሉታላችሁ? እነሱ ግን ለዓመታት እንዲያ አድርገው ሸጡልን። እንግሊዞች ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ የፋብሪካ ፓስወርድ ያለው ዕቃ እንዳይሸጥ በሕግ ከልክለዋል። ስለዚህ ሲፈልጉ ይችላሉ ማለት ነው። እኔ ቤት መስመሩን የዘረጋው ባለሙያ ጎበዝ ልጅ ነው። ግድግዳ በሳ፣ ገመድ ጎተተ፣ «ስፒዱን ይዩት» አለኝ፣ ሻይ ጠጥቶ ሄደ። ስለ ሁለተኛው ቁልፍ አንድ ቃል አልተነፈሰም። በእሱ አልፈርድም። እሱንም ያስተማረው የለም። የሚለካው ስንት ቤት እንዳስገባ ነው።

ስፒድ ካልን፣ ይቺን ያዙልኝ። «10 ሜጋ» ሲሏችሁ ሜጋቢት ነው። የፋይል ክብደት የሚለካው ግን በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ 10 ሜጋው ቢበዛ በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ያወርዳል። 100 ሜጋባይት የሆነ የሰርግ ቪዲዮ፣ ሁሉ ነገር ከሰመረ፣ 80 ሰከንድ ይወስዳል። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ጊዜ ደውዬ ተጨቃጭቄያለሁ። ለነገሩ እነሱም አላስረዱኝም። ሳጥኑን ደግሞ ከቡፌው ኋላ አትደብቁት። ግድግዳ ይበላዋል። ዳንቴል አልብሳችሁት ያየሁባችሁም አላችሁ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የአቅራቢውን ስም አልጠራም፤ ዛሬ የመጣሁት ለመካሰስ አይደለም። ባለፈው ክረምት መስመሬ 11 ቀን ተቋረጠ። ደወልኩ። ሙዚቃ። ደወልኩ። «ጥያቄዎ ተመዝግቧል።» ሄድኩ። «ሲስተም የለም።»

ይቺ «ሲስተም የለም» የምትባል ነገር አትገርማችሁም? ድሮ «ኃላፊው የሉም» ነበር የምንባለው። ኃላፊው ቢያንስ ነገ ይገባሉ። ሲስተም ግን መቼ እንደሚገባ፣ የት እንደሄደ፣ ማን እንደላከው አይታወቅም። ማንም አያጠፋም፤ ሲስተም ነው የሚያጠፋው። በ12ኛው ቀን አንድ ልጅ መጥቶ ፖል ላይ ወጣ፣ የተነቀለ ገመድ ሰካ፣ ወረደ። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። የወሩ ሒሳብ ሲመጣ ሙሉ ነው። «የ11 ቀኑስ?» አልኩ። «ሲስተሙ መቀነስ አይቀበልም» ተባልኩ። መጨመር ግን ይቀበላል።

እኔም ምን አደረግሁ? ከፍዬ ወጣሁ። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር። ሰው ማስጠበቅ ነውር መሰለኝ። ይኸው ይሉኝታ እንደገና። ለጎረቤት ፓስወርድ የሚያሰጠን ይሉኝታ፣ መስኮት ፊት ስንቆም መብታችንን ያስረሳናል። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥሩ 813፣ ሸማች ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ በአክብሮት የመስተናገድና ለደረሰበት ጉዳት የመካስ መብት አለው ይላል። ኢንተርኔትና ስልክን የሚመለከት ተቆጣጣሪም አለ፤ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን። በ2011 በአዋጅ የተቋቋመ ነው። መጀመሪያ ለአቅራቢው አቤት ትላላችሁ፤ ካልሰማ ወደዚያ ነው። እኔ አሁን የተቋረጠበትን ቀንና ሰዓት ደብተር ላይ እጽፋለሁ። የአቤቱታ ቁጥሩን እጠይቃለሁ። ያናገረኝን ሰው ስም እጽፋለሁ። ስም ሲጠየቅ የድምፁ ቃና ሲለወጥ ብታዩ!

ቡናው ደረሰ መሰለኝ። እንግዲህ ጥፋቴን ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት የእድራችንን መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ማስገባቴን ታውቃላችሁ። የአባላት ስም፣ ስልክ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ማን ውዝፍ እንዳለበት ሁሉ። ለጉባኤው ላሳትም ፍላሽ ላይ ገልብጬ ፔዳ ግቢ አካባቢ ወዳለ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ልጁ ፍላሹን ሰካ፣ አተመ፣ ነቀለ፣ «የሚቀጥለው» አለ። ማታ ቤቴ ፍላሹን ስሰካው ፎልደሮቼ ጥግ ላይ ትንሽ ጠማማ ቀስት አብቅለዋል። «እድር 2016» የሚለውን ነካሁት። ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ጠፋ። ደግሜ ነካሁት። አራት ጊዜ ነካሁት። ተማሪዎቹ ሾርትከት ቫይረስ ይሉታል። በእያንዳንዱ ንክኪዬ እኔው በገዛ እጄ ላፕቶፔ ላይ እየጫንኩት ነበር።

ያው የፖሊው ልጅ ተጠራ። ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ቫይረሱ ደብቋቸው በስማቸው የውሸት በር ከፍቶ ነው። «ፍላሹ ባዶ ቢሆን ይህን ያህል ቦታ ይይዝ ነበር?» ብሎ አሳየኝ። ሁሉንም መለሰልኝ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ማግስቱ ነው። ኮፒ ቤቱ ሄጄ የኮምፒውተሩን ስክሪን አየሁት። የሰው ሲቪ፣ የሰው መታወቂያ፣ የሰው የቤት ካርታ ተዘርግቷል። መሃሉ ላይ «የእድር መዝገብ»። እናንተ ሁላችሁ፣ ከነስልካችሁ። አስጠፋሁት። ከቆሻሻ ማጠራቀሚያውም አስጠፋሁት። ማን ገልብጦት እንደሁ ግን አላውቅም። ይቅርታ አድርጉልኝ። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 1321፣ የሰው መረጃ የያዘ እንዲጠብቀው ግድ ይላል። ሁልጊዜ ስለ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ነው የምናማርረው። እኔ ትንሹ መረጃ ያዥ ደግሞ በ8 ጊጋ ፍላሽ ይዤ ገበያ ወጣሁ። ከዛሬ ጀምሮ መዝገቡ ፓስወርድ አለው፣ የሚታተመውም የራሴ ፕሪንተር ላይ ነው። ቀለሙን እድሩ ይሸፍናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ላፕቶፔ ለምን አልተከላከለም? ክራክ የሆነ ዊንዶውስ ስለነበረበት ነው። «ፎርማት አድርግልኝ» እንላለን፤ ባለሱቁ የተሰበረውን ይጭናል፣ እንዳይነቃበት መከላከያውንም አፕዴቱንም፣ ኩባንያው የሚልከውን ማሻሻያ፣ ያጠፋዋል። ጣና ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ጠይቁ። ታንኳው የተሠራበት ደንገል ውሃ ይጠጣል። ከውሃ ወጥቶ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ቆይቶም ይበሰብሳል። አፕዴት ማድረቅ ነው። ግንቦት 2009 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ኮምፒውተር እየቆለፈ 300 ዶላር ሲጠይቅ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች በሽተኛ መልሰዋል። የዊንዶውስ ሠሪው ማይክሮሶፍት መድኃኒቱን ያወጣው ግን መጋቢት ላይ ነበር። ሁለት ወር ቀድሞ። ያላዘመነው ነው የተመታው።

ይህን ስል ግን ኩባንያውን ነጻ ማውጣቴ አይደለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ተመዝግቦ አንድ ዓመት ማስረዘም ይቻላል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ኢንቴል ከሚሠራቸው የኮምፒውተር አንጎሎች (ፕሮሰሰሮች) 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ የሆነውን ነው በደንቡ የሚቀበለው። እኛ አገር ያገለገለ ላፕቶፕ የሚሸጥበት ሱቅ ግቡ። 5ኛ፣ 6ኛ ጀነሬሽን ተደርድሯል። ጤነኛ ማሽን ነው፣ ገና ብዙ ዓመት ይሠራል። ልጅ የሚያስተምር ወላጅ ስንት ወር አጠራቅሞ ነው የሚገዛው። ሩቅ ያለ ሰው «አርጅቷል» ስላለ ብቻ ጥበቃ አልባ ይሁን? ይህ ለእኔ ንግድ እንጂ ደኅንነት አይመስለኝም። በዊንዶውስ ቦታ የሚጫን፣ ሊኑክስ የሚባል በነጻ የሚገኝ አለ፤ የፖሊው ልጅ ለእኔ ጭኖልኛል። በመጀመሪያው ሳምንት ረገምኩት፣ አሁን ተላምደናል።

ስለ ቴሌግራም አጭር ነገር። «ሽልማት ደርሶዎታል፣ የገባልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» የሚል ሰው ከደወለ ዝጉት። እንኳን ልትነግሩት፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላችሁ አትሰናበቱት። ከመካከላችን የአንዷ እናት አካውንት በዚህ ተወስዶ፣ በስሟ ለእህቷ ልጆች «ሆስፒታል ነኝ፣ ገንዘብ ላኩ» ተብሏል። ሁለቱ ልከዋል። ስልካችሁ ላይ የቴሌግራም ሁለተኛ ፓስወርድ ያላበጀ ካለ፣ ከስብሰባው በኋላ ልጆቹ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ያበጁላችኋል። አንድ ሰው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ፓስወርዱን ግን ራሳችሁ ጻፉት፤ ለልጆቹም አትንገሩ።

የእኔን ዋይፋይ በተመለከተ፣ ሁለቱንም ቁልፍ ቀይሬያለሁ። ሳጥኑ የእንግዳ መስመር የሚባል ነገር እንዳለው ልጁ አሳየኝ። ከቤቴ መሣሪያዎች የተለየ ነው። ስሙን «እድር» ብዬዋለሁ። ፓስወርዱ በሬ ላይ ተለጥፏል፣ ወር በገባ ቁጥር ይቀየራል። ግቢዬ ወንበር አለ፣ ኑ፣ ተጠቀሙ። ዋናውን አትጠይቁኝ። እምቢ ስል እንዳትቀየሙኝ ብዬ ነው በሰው ፊት አስቀድሜ የምናገረው።

ባለቴሌቪዥኑ ጎረቤቴም እዚህ እንዳለህ አውቃለሁ። ማን እንደሆንክ አልጠየቅኩም። የእንግዳው ላይ አገናኘው፣ ኳሱ አያመልጥህም።

አመሰግናለሁ። ሊቀመንበር፣ ወደ ድንኳኑ ጥገና እንመለስ።