ግድግዳው ሲታሰብ ሙያተኛው ይጠራ

የተከበራችሁ የሥነ ሕንፃ ባለሙያዎች፣ ተማሪዎች፣ ይልቁንም ወስፌያችሁንና መሮአችሁን ለዛሬ አኑራችሁ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

እኔ የቤት ውስጥ ማስዋብ ሥራ ነው የምሠራው። ስልኬ የሚጮኸው ሁልጊዜ በመጨረሻው ሰዓት ነው። ሕንፃው አልቋል፣ ቀለሙ ተቀብቷል፣ ምረቃው ደርሷል። «ሎቢው ባዶ ሆነብን፤ እስቲ ባህላዊ ነገር ስቀይልን» ይሉኛል። ከዚያ መሶብ ይገዛል፤ ሆዱ ተበስቶ አምፖል ይገባበትና ጣሪያ ላይ ይንጠለጠላል። ቫርኒሽ የሚቀቡትም አሉ። ምን በድሏቸው እንደሆነ እንጃ!

ሐረር ጁገል፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ወደ አንድ ነባር ቤት የገባችሁ ታውቁታላችሁ። ዋናው ክፍል ጊዲር ጋር ይባላል። መቀመጫው ከፍና ዝቅ ባሉ አምስት መደቦች የተከፈለ ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥም የታወቀ ነው። መደቡ በቀይ አፈር ይቀባል። ቀይነቱ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። ከፍ ብሎ ግድግዳው ነጭ ነው፤ ለዕቃ ማስቀመጫ ተብለው የተተዉ ጎድጓዳ ቦታዎች አሉበት። በቀረው ላይ የሣር ስፌቱ በረድፍ ይሰቀላል። ግንበኛው ግድግዳውን ሲያቆም የቤቱ እመቤት ምን እንደምታኖርበት አስቀድሞ ያውቃል። ብርሃኑም የሚበዛ አይደለም፤ በዚህ ምክንያት የአለላው፣ ማለትም ስፌቱን የሚያስጌጠው የተነከረ ሣር፣ ቀለም ቶሎ አይለቅም። እኛ ያንኑ ስፌት ወስደን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው መስታወት ፊት እንሰቅለዋለን፤ ሲገረጣ ደግሞ ሰፊዋን እናማለን።

«ይሄ የጥንት ቤት ነው» የሚለኝ ካለ አዲስ አበባ ያለውን አፍሪካ አዳራሽን ይመልከት። አርቱሮ መዘዲሚ የነደፈው ሕንፃ በ1953 ዓ.ም. ሲመረቅ መግቢያውን የሞላው የሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት ነበር፤ ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር። ያንን መስታወት ብታወጡት የሚቀራችሁ ክፍት ግድግዳ ነው። በግንቦት 1955 የአፍሪካ መሪዎች የአንድነት ድርጅቱን የመሠረቱት በዚሁ አዳራሽ ነው። በቅርቡ ሕንፃው ሲታደስ መስታወቱም አብሮ ታድሷል። ተሰቅሎ የተረሳ መሶብ ግን ማን ያድሰዋል?

አሁን ወደ ሥራችን ልምጣ። አክርማና ስንደዶ ወቅት አላቸው፤ ሣሩ የሚሰበሰበው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ከዚያ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ አለላው ይነከራል። በግንቦት ደውላችሁ ለሰኔ ምረቃ ሃያ ሰፌድ ብትሉ የምታገኙት ገበያ የተረፈውን ነው። የእንጨት ጠራቢውም እንዲሁ ነው፤ ርጥብ እንጨት ይዞ በር ቢሠራላችሁ ዓመት ሳይሞላ ይጣመማል፤ ጥፋቱ የሱ አይደለም፣ ያጣደፋችሁት እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ ንድፉ ገና በእርሳስ ሳለ ሙያተኛዋን ጥሩ። የሥራ ዝርዝሩ ላይ «ልዩ ልዩ ጌጣጌጥ» ብላችሁ በአንድ መስመር አትጨፍልቋት፤ ለብቻዋ ዋጋ ይያዝላት፣ ቅድሚያ ክፍያም ይከፈላት። ሣሩን የምትገዛው በራሷ ገንዘብ ነውና። ሥራው ሲያልቅ የአርክቴክቱ ስም በሚጻፍበት ሰሌዳ ላይ የሷም ስም ይጻፍ።

ከሻይ በኋላ ሰፊዎቹና ጠራቢዎቹ ከኋላ ባሉት ጠረጴዛዎች ይቀመጣሉ። ተማሪዎች፣ ንድፋችሁን ይዛችሁ ሂዱና አሳዩአቸው፤ «ይሄ አይሆንም» ካሏችሁ ለምን እንደማይሆን ጠይቁና ጻፉት። አመሰግናለሁ።