የአባቴ ጋራዥ እና የቆራሌው ዋጋ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። ለዛሬው ክፍል እንግዳ አልጋበዝኩም። ያለፉትን ሳምንታት በአቧራ ውስጥ ስላሳለፍኩ ስለዚያው አቧራ፣ ማለትም ለብዙ ዓመታት ዘወር ብለን ሳናየው የኖረውን የወላጆቼን ጋራዥ ባዶ ስለማድረግ፣ ብቻዬን ላወራችሁ ነው።

ነገሩን ያስጀመረው የጽዳት ፍቅር ሳይሆን ኪራይ ነው። አባቴ ቮልሱን ከሸጠ ወዲህ ጋራዡ መኪና ገብቶበት አያውቅም፤ በሩ ግን ወደ መንገድ የሚከፈት በመሆኑ፣ አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው እንደሚገምተው፣ ለሱቅ የሚፈልገው ጠያቂ ጠፍቶ አያውቅም። አባቴ በሕይወት ሳለ «ዕቃዬን የት ላደርገው ነው?» እያለ የመጣውን ሁሉ ይመልስ ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ እናቴ ነገሩን ሳታነሳ ቆየችና፣ ዘንድሮ «እኔ በጡረታ እየኖርኩ አሮጌ ጎማ በነፃ ላኖር አልችልም» አለች።

ከመጀመሬ በፊት በኢንተርኔት ላይ ስለ ዕቃ ማራገፍ የሚነገረውን ጥቂት አዳምጬ ነበር። ምክሩ በአመዛኙ ብዙ ከመግዛት ስለመጣ ክምችት ነው፤ አንድ ዓመት ያልነካኸውን ጣለው፣ ደስታ የማይሰጥህን አስወግደው ይላል። የእኛ ጋራዥ ግን ብዙ በመግዛት አልሞላም። የሞላው ከማጣት ነው፤ እዚያ ውስጥ ካለው ዕቃ አብዛኛው ደስታ ይሰጣል ተብሎ ሳይሆን «ነገ ብናጣውስ?» ተብሎ የተቀመጠ ነው። ይህን ሳይረዱ የወላጅን ዕቃ ማውጣት የሚጀምሩ ልጆች ከእናታቸው ጋር ቢጣሉ አልፈርድባቸውም፣ ግን አይገርመኝም።

የአባቴ ትውልድ ቤት የመሠረተው ከአብዮቱ በኋላ ነበር። በ1967 ዓ.ም. አስቀድሞ ባንኮቹና ትልልቆቹ ፋብሪካዎች፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ወደ መንግሥት ተዛወሩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ በወረፋ የሚገኙ ነገሮች ነበሩ፤ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫማ ለተራ ሰው እንደ ሎተሪ ነበር። በዚያ ዘመን ያደገ ቤት ባዶ ጠርሙስ፣ የተቆረጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም የጎማ ቁራጭ አይጥልም።

ከሁሉ ይልቅ ይህን ያሳየኝ የሚስማሩ ነገር ነው። በመደርደሪያው ጥግ ሦስት የኒዶ ጣሳዎች አገኘሁ። አንዱ በረጃጅም፣ ሌላው በመካከለኛ፣ ሦስተኛው በቆርቆሮ ሚስማር ተሞልቷል። አንዱን ወደ ብርሃን አውጥቼ ስመለከተው ከወገቡ ላይ ትንሽ ጠፍጠፍ ያለ ምልክት ነበረው፤ ሌላውንም ባየው እንደዚያው ነው። አባቴ ከአሮጌ ሣንቃ የነቀላቸውን የተጣመሙ ሚስማሮች በድንጋይ ላይ እያስተኛ፣ በመዶሻ አንድ በአንድ አቅንቶ በየልካቸው የለያቸው ናቸው። ስንት ቅዳሜ ከሰዓት እንደወሰደበት እግዚአብሔር ይወቅ።

ቆራሌው የመጣው ሚስማሩ ግቢ ውስጥ በወጣበት ቀን ነው። ወጣት ልጅ ነው፤ ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ ጥሎ ከወዲያ ማዶ ሲጣራ እናቴ ራሷ ጠራችው። የተበሳውን በርሜል፣ የተሰበረውን ቡታጋዝ፣ የቆርቆሮውን ቁርጥራጭና የቧንቧውን ብረት በዓይኑ መዝኖ ለሁሉም አንድ ዋጋ ጠራ። ዋጋው እናቴን አሳቀቃት፣ እኔንም ጭምር። ከዚያ የኒዶውን ጣሳ አንስቶ ወዘወዘና ድምፁን አዳምጦ «ይሄ ዝጓል፣ እማማ፤ በምርቃት ይጨመርልኝ» አላት። እናቴም «ልጄ፣ ይህ የቀና ሚስማር ነው፤ አይሸጥም» ብላ ከእጁ ተቀበለችው።

በበኩሌ በቆራሌው አልተቀየምኩም። እንዲያውም ዕቃን በመልቀቅ ጉዳይ ከሁላችንም ይልቅ እውነተኛው እሱ ይመስለኛል። እኛ በርሜሉን ስናይ ውኃ በጠፋ ጊዜ ያጠጣንን በርሜል እናያለን፤ እሱ የሚያየው ኪሎውን ነው። የእኛን ትዝታ ዋጋ ውስጥ አስገባልኝ ብንለው እሱም አይበላም። ጭንቀታችን ዕቃው መሄዱ ሳይሆን በዚህ ዋጋ መሄዱ መሆኑን የተረዳሁት ያኔ ነው፤ ሂሳቡን ከትዝታው ከለየን በኋላ ድርድሩ ሻይ ሳይፈላ አለቀ።

ደግሞም የሄደው ነገር አልጠፋም። ከየሰፈሩ የሚሰበሰበው ብረትና ቆርቆሮ ብዙው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይገባል። እዚያ መዶሻ ሲቀጠቀጥ የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ በርሜሉ ተሰንጥቆ፣ ተዘርግቶና ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ ወይም ሣጥን ይሆናል። የቮልሱ ልሙጥ ጎማዎችም ለበረባሶ ሠሪ የሚሆኑ ናቸው። እናቴ ይህን ስነግራት ከቁጠባ ምክሮቼ ሁሉ የበለጠ ልቧን አሳረፈው፤ «እንግዲያማ ውሰዱት» አለች። ለእሷ ከባዱ ነገር ዕቃው ከቤት መውጣቱ ሳይሆን መባከኑ ነበር።

ልብሱ ሌላ ነው። የልዋጭ ነጋዴዎቹ አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብለው ሳፋ፣ ጆግ ወይም ብርጭቆ ይሰጣሉ፤ ለሌላው ልብስ ጥሩ ነው። የአባቴ ካፖርት ግን በጆግ ተለወጠ ሲባል እናቴ ልትሰማ አልፈለገችም፤ እኔም አልገፋኋትም። ካፖርቱና ሙሉ ልብሶቹ ታጥበው ለመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ተሰጡ። ጆግ የሚያስፈልገን መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው።

ወረቀት ላይ ግን አትቸኩሉ። አሮጌ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ለሱቅ መጠቅለያ በኪሎ ይሸጣል፤ እኛም አብዛኛውን ሸጥን። ነገር ግን በጋዜጦቹ መካከል የቤቱ የግብር ደረሰኞች በልስልስ ክር ታስረው ተገኙ፤ በዚህ ከተማ የይዞታ ጥያቄ ሲነሳ እንዲህ ያለ ደረሰኝ ምን እንደሚጠቅም የደረሰበት ያውቃል። ስለዚህ እያንዳንዷን ቅጠል መግለጥ ግድ ነው። የአሮጌው መኪና ባትሪም አሲድና እርሳስ ያለበት ስለሆነ ማንም ልጅ እንዳይነካው ለብቻው አስቀምጠን ለባትሪ ሠሪ ሰጠነው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። የእናቴ ስጋት ያለፈ ዘመን ስጋት ብቻ አይደለም። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ምን እንደደረሰ ለእናንተ አልነግራችሁም። «ነገ ይወደዳል» ብሎ ማስቀመጥ እንደ ሞኝነት መታየት የለበትም። የእኔ ልዩነት ይህ ብቻ ነው፦ የሚሠራውን ማስቀመጥ ጥንቃቄ ነው፤ ከተሰበረ ሃያ ዓመት ያለፈውን ቡታጋዝ ማስቀመጥ ግን ቤቱን ለፍርሃት ማከራየት ነው፤ ፍርሃት ደግሞ ኪራይ አይከፍልም። ሚስማሮቹ የሚሠሩ ስለነበሩ ቀሩ፤ የሱቁን መደርደሪያ የሠራው አናጢ በነሱ ነው የመታው፤ «የድሮ ሚስማር ይጠነክራል» እያለ።

ያልተፈታው የታላቅ ወንድሜ ካርቶን ነው። ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ከሄደ ወዲህ ደብተሮቹና የሙዚቃ ካሴቶቹ ጋራዡ ውስጥ ነበሩ። ደውዬ ስጠይቀው «አትንኩብኝ፣ ሰው ሲመጣ እልካለሁ» አለኝ። እንደምታውቁት ወደዚያ የሚሄድ ሰው ያለው ሁለት ሻንጣ ነው፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፤ በርበሬና ሽሮ ከገባ በኋላ ለካሴት የሚተርፍ ኪሎ አይገኝም። የሌላን ሰው ዕቃ በሱ ፋንታ መልቀቅ አይቻልም፤ የምችለው ከጋራዡ ማውጣት ብቻ ነበር፣ አወጣሁት። አሁን ካርቶኑ እኔ ቤት ቁም ሣጥን ላይ ነው፤ ካሴቶቹ እንዳሉ እንዲቆዩ ወይም ወደ ፋይል እንዲገለበጡ እስከ ጥምቀት እንዲወስን ነግሬዋለሁ። የሱቁ ተከራይ ቁልፉን ተረክቧል፣ እናቴም የሦስት ወር ቅድሚያ ክፍያዋን ተቀብላለች።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ሳምንት እንገናኝ።