ማን ነው ያዘዘው?

እንደምን አመሻችሁ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ!

ዛሬ የማወራው ስለ ሳይረን ነው። ዳላስ የከረማችሁ ሳታስታውሱት አትቀሩም። ኤፕሪል 7 ቀን 2017፣ አርብ፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ የከተማዋ 156 የአደጋ ሳይረኖች በአንዴ ጮኹ። ቶርኔዶ የሚሉት አውሎ ነፋስ የለም፣ ምንም የለም። ሰው ደንግጦ ስልኩን አነሳ፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ወደ አደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥሩ 911 ከ4,400 በላይ ጥሪ ገባ። ጩኸቱ የቆመው ከአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ነው፤ ያውም ሲስተሙ ከነጭራሹ ተዘግቶ። ያውም ቶርኔዶ በሚበዛበት ወራት እኮ ነው!

ኃላፊዎቹ እንዳሉት ኮምፒውተር ውስጥ የገባ ሰው አልነበረም። መንገዱ ሬዲዮ ነው። ሳይረኖቹ በሬዲዮ ይታዘዛሉ፤ ያኔ ትክክለኛውን ሲግናል የላከ ሁሉ አዛዥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ኢንክሪፕሽን፣ ማለትም መልእክቱን በምስጢር ኮድ መሸፈን፣ ጨመረች። ደግ አደረገች። ግን የሳይረን ትእዛዝ ምን ምስጢር አለው? አገር እንዲሰማው አይደል የሚጮኸው? እዚህ ላይ የሚያሳስበኝ ላኪው ነው። መልእክቱን ብትሸፍኑትም፣ አንዱ በሙከራ ቀን የተላከውን ሲግናል ቀድቶ፣ ምን እንደሚል እንኳ ሳይገባው፣ ዛሬ ሊለቀው ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ትእዛዝ የላኪውን ማረጋገጫ ኮድና የማይደገም ተራ ቁጥር ይዞ ይምጣ። ሳይረኑ ያየውን ቁጥር ደግሞ ካየ ዝም ይበል።

በኦገስት 2023 ፖላንድ ውስጥ ሽቼቺን አካባቢ 20 ያህል ባቡሮች እንዲሁ በሐሰት ሲግናል ቆመዋል። እዚያ ሬዲዮው ሦስት የድምፅ ቃና ከሰማ ባቡሩን ያስቆማል፤ ማን ላከው ብሎ አይጠይቅም። ሰው አልተጎዳም። ነገሩን ሞኝነት አልለውም፤ ከተጠራጠርክ አቁም ነው። ሳይረን ላይ ግን አያዋጣም። እንደዚያ «ጅብ መጣ» ባይ እረኛ ደጋግሞ በከንቱ ከጮኸ፣ የእውነቱ ቀን ማን ይነሳል?

ጥበቃው ሲጠብቅ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ማዕበሉ መሀል የቁልፉ፣ ማለትም ማረጋገጫ ኮዱ የሚሠራበት የምስጢር ቁጥር፣ ጊዜ ቢያልፍስ? ሳይረኑ እውነተኛውን ትእዛዝ «አላውቅህም» ይላል፤ ሰው ተኝቶ ይቀራል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ቁልፍ የሚቀየረው ወቅቱ ሳይገባ ነው፤ አሮጌውና አዲሱም ለጥቂት ሳምንት ጎን ለጎን ይሥሩ። ምሰሶው ላይ በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ በእጅ የሚነሳ ማስጀመሪያ ይኑር። ሲስተሙን ሳይዘጉ ጩኸቱን ብቻ ማቆሚያም እንዲሁ።

መቼም እዚህ ከተማ አስተዳደር፣ ሆስፒታል፣ ትራንዚት የምትሠሩ አላችሁ። ሻጩ ቁልፉ ረጅምና ጠንካራ ነው ለማለት «256 ቢት ነው» ይላችኋል። ይበል። እናንተ የተቀዳ ሲግናል ፊታችሁ መልሶ እንዲለቅ ጠይቁት። ቀጥሎ ቁልፉን ያጥፋው። ሳይረኑ ምን እንዳደረገ በዓይናችሁ ሳታዩ ውሉን አትፈርሙ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው እጁን ያንሳ።