ካርዱ በማን እጅ ነው?

በቱሉ ዲምቱ ለኮምፒውተር ጥገና ባለሙያዎችና ለቴክኖሎጂ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የጥገና ባለሙያዎች፣ ውድ ተማሪዎች፣ ልጆቻችሁን አጅባችሁ የመጣችሁ ወላጆች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኮዬ ፈጬ፣ ከቂሊንጦና ከአቃቂ ድረስ የመጣችሁ ስላላችሁ ነገር ሳላስረዝም ወደ ጉዳዬ ልግባ።

«ኔትወርክ አይሠራም» ተብሎ ጥግ የያዘ ኮምፒውተር በየጥገና ቤታችሁ አይጠፋም። ሊኑክስ የሚባለው ስርዓተ ክወና ተጭኖበታል፤ ስክሪኑ ይበራል፣ ድምፁ ይሰማል፣ ኬብሉ ሲሰካ ግን ምንም የለም። ባለቤቱ «የኔትወርክ ካርዱ ተቃጥሏል» ይባልና ሌላ ገዝቶ ይሄዳል። ካርዱ ግን ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው፤ የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነሉ አላወቀውም እንጂ። ይህን ጉድለት መሙላት ያለበት ማን ነው? እኔ የምለው፣ ካርዱ በእጁ ያለው ሰው ነው።

ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑክስን ሲጀምር የጻፈው ለገዛ ኮምፒውተሩ ነበር። በናሳ ይሠራ የነበረው ዶናልድ ቤከርም ከቶማስ ስተርሊንግ ጋር ሆኖ በ1994 ርካሽ ኮምፒውተሮችን በኢተርኔት አያይዞ እንደ አንድ ትልቅ ማሽን ሲያሠራ፣ ለኔትወርክ ካርዶች የሚያስፈልጉትን ድራይቨሮች፣ ማለትም ከርነሉን ከካርዱ ጋር የሚያግባቡትን ፕሮግራሞች፣ ራሱ ጽፏል። ዛሬ ብዙውን ድራይቨር አምራቾቹ ይጽፋሉ፤ አሮጌ ካርድ ላይ ግን የሚያፈሰው ጊዜ ያለው አምራች ጥቂት ነው። ያ አሮጌ ካርድ ደግሞ መርካቶ ደርሶ፣ ከዚያም እዚህ መጥቶ ሁለተኛ ዕድሜውን እየኖረ ነው። ውጭ አገር ያለው የከርነል ጸሐፊ የቱንም ያህል ቢራቀቅ፣ ያልያዘውን ካርድ ሊሞክር አይችልም።

ሥራው የሚጀምረው ከቁጥር ነው። ፒሲአይ በሚባለው የኮምፒውተሩ የውስጥ መስመር የሚገናኝ ካርድ ሁሉ ሁለት መለያ ቁጥሮች ይዞ ይመጣል፤ አንዱ የአምራቹ፣ ሌላው የዕቃው። የኢንቴል መለያ 8086 ነው፤ በ1978 ገበያ ላይ ያዋለውን ዝነኛ ፕሮሰሰሩን ቁጥር ለራሱ መታወቂያ አደረገው። ድራይቨሩ ደግሞ የሚያውቃቸውን ቁጥሮች በሠንጠረዥ ይይዛል። ከርነሉ ሲነሳ ሁለቱን ያስተያያል፤ ከተገናኙ ድራይቨሩን ይጠራል፣ ካልተገናኙ ዝም ይላል። ካርዱ ቀድሞ የሚታወቅ ቺፕ ታናሽ ወንድም ከሆነ፣ ሥራው አንድ መስመር መጨመር ብቻ ሊሆን ይችላል። እንዲያውም ከርነሉን እንደገና ሳትገነቡ፣ የተጫነውን ድራይቨር «ይህንንም ቁጥር ተቀበል» የምትሉበት መንገድ አለ። መጀመሪያ በዚያ ሞክሩ። ቁጥሩ ስለተቀራረበ ብቻ ግን ወንድማማች ናቸው ብላችሁ አትደምድሙ፤ የቺፑን መግለጫ ሰነድ አንብቡ።

ወንድም ከሌለው ሙሉ ድራይቨር መጻፍ ነው። ካርዱን መቀስቀስ፣ ካርዱ የሚታዘዝባቸውን ሬጅስተሮች ማግኘት፣ የካርዱ መለያ የሆነውን ባለ 48 ቢት ማክ አድራሻ ማንበብ፣ ለከርነሉ ማስመዝገብ፤ ይህ ሁሉ ከሌሎች ድራይቨሮች ታይቶ የሚሠራ ነው። ጊዜ የሚበላው ሌላ ቦታ ነው።

ካርዱ የመጣለትን ፓኬት፣ ማለትም በኔትወርኩ የሚላከውን የመረጃ እሽግ፣ ፕሮሰሰሩን ሳይጠብቅ ራሱ ሚሞሪ ላይ ያሰፍራል። በፈረቃ ውሃ በሚመጣበት ቀን ከኮንዶሚኒየሙ ሥር የሚደረደረውን ጀሪካን አስቡት። ድራይቨሩ ባዶውን ይደረድራል፤ ካርዱ በተራ እየሞላ ያልፋል፤ ድራይቨሩ የሞላውን አንስቶ በምትኩ ባዶ ያስቀምጣል፤ ሰልፉም ክብ ስለሆነ መጨረሻው ላይ ሲደረስ ወደ መጀመሪያው ይዞራል። እያንዳንዱ ቦታ ላይ ተራው የካርዱ ይሁን የድራይቨሩ የምትናገር አንዲት ቢት አለች። መከራው ሁሉ እሷ ላይ ነው። ድራይቨሩ በቅድሚያ የሚሞሪውን አድራሻ መጻፍ፣ ከዚያ በኋላ ቢቷን ለካርዱ ማስረከብ አለበት። እናንተ በዚህ ቅደም ተከተል ብትጽፉትም ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ወይም ፕሮሰሰሩ ሊያገላብጠው ይችላል። ያኔ ካርዱ አሮጌው አድራሻ ላይ ይጽፍና የሌላ ፕሮግራም መረጃ ይረግጣል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ቅደም ተከተሉን የሚያስከብር ማገጃ ይገባል። ክፋቱ፣ ይህ ስህተት በኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ ተሸሽጎ ኖሮ አርም በሚባለው ሌላ የፕሮሰሰር ዓይነት ላይ ብቅ ማለት ይወዳል፤ ማሽኑም የሚወድቀው ቆይቶ፣ ከኔትወርክ ጋር ምንም በማይገናኝ ቦታ ላይ ነው።

ሌላም አለ። «ይህ የአይፒ አድራሻ የማነው?» ብሎ የሚጠይቀው የኤአርፒ መልእክት 28 ባይት ነው፤ የኢተርኔት ራስጌው 14 ባይት ሲታከልበት 42 ይሆናል። የሚፈቀደው ትንሹ ፍሬም ደግሞ፣ ጫፉ ላይ ያለው የ4 ባይት ማረጋገጫ ሳይቆጠር፣ 60 ባይት ነው። የጎደለው 18 ባይት በዜሮ መሞላት አለበት። በ2003 ይፋ እንደሆነው በርካታ ድራይቨሮች ዜሮ መሙላቱን ትተው፣ ሚሞሪ ላይ ተርፎ የተገኘውን ሁሉ አብረው ወደ ኬብሉ ሲያወጡት ነበር። ከዚያ ትራፊ ውስጥ የሰው ምስጢር ሊኖር ይችላል። ይህ ጉድለት ኢተርሊክ ተባለ። አሥራ ስምንት ባይት ማን ያያል ያለ ሰው ድራይቨር ባይጽፍ ይሻላል።

ስለ ሙከራ ካነሳን፣ የእኛ ሰፈር በዚህ ረገድ ሀብታም ነው። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ኬብሎቹን የሚያገናኘው ስዊች ግን ይሞታል፤ ሲመለስ ስዊቹ ይነሳል። ድራይቨሩ ግንኙነቱ መቋረጡን ለከርነሉ ነግሮ፣ ሲመለስ ያለ ማንም እርዳታ ሥራውን መቀጠል አለበት። መብራት በማይጠፋበት ላቦራቶሪ ይህን የሚሞክር ሰው ኬብል እየነቀለ ነው፤ ለእኛ ኃይል ማከፋፈያው ይሞክርልናል። ኮምፒውተሩን አስተኝቶ መቀስቀስም አይረሳ፤ ከእንቅልፍ በኋላ ካርዱ ሁሉን ረስቶ ሊነቃ ይችላል።

ከመጀመራችሁ በፊት ግን የካርዱን ቋሚ ሚሞሪ ቅጂ ኢትቱል በሚባለው የሊኑክስ ትእዛዝ አውጥታችሁ አስቀምጡ። በ2008 የሊኑክስ 2.6.27 የሙከራ ቅጂዎች የአንዳንድ ኢንቴል ካርዶችን ቋሚ ሚሞሪ አበላሽተው ከጥቅም ውጭ አድርገዋቸዋል። ጣት የተቀሰረው ድራይቨሩ ላይ ነበር። ጥፋተኛው ሲገኝ ግን ኤፍትሬስ የሚባለው፣ የከርነሉን እንቅስቃሴ የሚከታተለው ክፍል ሆነ። ቅጂ ለነበረው ሰው ካርዱን መመለስ የሚቻል ነበር።

ሥራችሁ ሲያልቅ ለከርነሉ የኔትወርክ ክፍል ኃላፊዎች በኢሜይል ትልካላችሁ፤ ግርጌው ላይ በስማችሁ ትፈርማላችሁ። ፊርማው ከ2004 ጀምሮ የተለመደ ሲሆን፣ ኮዱን በከርነሉ ፈቃድ የመስጠት መብት እንዳላችሁ ማረጋገጫ ነው። ስለዚህ ከአምራቹ ዝግ ድራይቨር የተቀዳ ኮድ አይላክም። የሞከራችሁት በየትኛው ቺፕና በየትኛው የከርነል ቅጂ እንደሆነ በግልጽ ጻፉ። መልሱ ሰላምታ የሌለው፣ «ይህ መስመር ስህተት ነው» የሚል ሊሆን ይችላል። የእኛ ይሉኝታ እዚያ አይሠራም፤ አትቀየሙ፣ አርማችሁ መልሳችሁ ላኩ።

ከሻይ በኋላ ያመጣችኋቸውን ማሽኖች በዚያኛው ጠረጴዛ እንከፍታለን። የየካርዱን ሁለት ቁጥሮች እናወጣና ከርነሉ ውስጥ እንፈልጋለን። ቁጥሩ ካለ የችግሩ ምንጭ ሌላ ነው፤ ከሌለ የቅርብ ዘመዱን ፈልገን ዛሬውኑ እንሞክረዋለን። እስከዚያው ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ።