ይሄ ሰውዬ አሞታል እንዴ?

እንደምን አመሻችሁ። ወላጆች፣ ታላላቆቼ፣ አሠልጣኞች፣ በተለይ ደግሞ ዛሬ ሥራችሁን የምታሳዩ ተመራቂዎች፣ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «በጌም ሥራ ያሉ ዕድሎችና ተግዳሮቶች» ይላል። ቆንጆ ርእስ ነው። ስለ ዕድሎቹ መጨረሻ ላይ ሁለት ደቂቃ ከተረፈችኝ አወራለሁ። ከተግዳሮቶቹ ግን አንዱን ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ተቀምጧል፤ ዛሬ ሳልተነፍሰው ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ያን የአምናውን ውድድር ታስታውሳላችሁ። ስሙን አልጠራም፣ እናንተም አትጥሩብኝ። መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ በስልክ መብራት ሻይ የጠጣንበት ማለቴ ነው። ከዳኞቹ አንዷ እኔ ነበርኩ። የነጥብ መስጫ ወረቀት ሰጡን። «ካራክተሩ እውነተኛ ሰው ወይም እንስሳ ይመስላል ወይ?» 40 ነጥብ። ካራክተር ማለት፣ ወላጆች፣ ተጫዋቹ የሚያንቀሳቅሰው ሰው ወይም እንስሳ ነው። «የምስል ጥራት» 30። «ታሪክ» 20። ታች፣ ከፊርማው በላይ ባለችው ጥግ፣ «ያዝናናል ወይ?» 10። አስር! ጌም እኮ ነው የምንዳኘው! ምግብ ቤት ገብቶ ለሳህኑ አበባ 40፣ ለወጡ ጣዕም 10 እንደ መስጠት ነው።

አንድ ልጅ ፍየል ሠርቶ መጣ። ልጁ አሁን ከሁለተኛው ረድፍ እያየኝ ነው፣ አላሳፍረውም። ፍየሏ ከአካሏ የሚበልጥ ጭንቅላት አላት። ከታክሲ ጣሪያ ወደ ታክሲ ጣሪያ ትዘላለች። ስትወድቅ አራቱም እግሯ ወደ ላይ ይቆማል፣ «ምእእ» ትላለች፣ ትነሳለች። በቃ፣ ጌሙ ይሄ ነው።

ከዳኞቹ መሐል ከረባት ያሰሩ፣ ከገቡ ጀምሮ ፊታቸው ያልተፈታ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ። «እስቲ» ብለው ጆይስቲኩን ተቀበሉ። ወደቁ። «ቆይ ቆይ፣ አሁን ገባኝ» አሉ። ደግመው ወደቁ። ከረባታቸውን ላላ አደረጉት። በሦስተኛው አምስት ታክሲ ተሻገሩና፣ እመኑኝ፣ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ጮኹ። ሻዩም ቀዘቀዘባቸው። ከዚያ ተቀመጡ፣ ብዕራቸውን አወጡ፣ ከ40 ስምንት ሰጧት። አስተያየት በሚለው ቦታ የጻፉት እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ፦ «ፍየል እንዲህ አትዘልም»።

እንደማትዘልማ እናውቃለን! ፍየል ስንጠብቅ ያደግን፣ ፍየል አርደን የበላን ሰዎች ነን። ፍየል እንዴት እንደምትዘል ለማወቅ ጌም አያስፈልገንም!

አንደኛ የወጣውን ታስታውሱታላችሁ? ዝናብ ውስጥ የቆመ ሽማግሌ። ጺሙ ላይ የሚወርደው ጠብታ ልብ ይነካል፤ ያን የሠሩት ልጆች እጃቸው ይባረክ፣ እነሱን አይደለም የምነቅፈው። ግን ሽማግሌው ምን ያደርጋል? ይሄዳል። ከዚያስ? ይሄዳል። ጆይስቲኩን የያዘ ዳኛ ሁሉ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ለጎረቤቱ ያቀብል ነበር። ሽልማቱን ሲወስዱ ሁላችንም አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ እሱ ነው የሚያናድደኝ።

ዳኞቹን ብቻ እንዳልረግም የራሴንም ኃጢአት ልናገር። ከእኔ ጋር የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፣ የአድዋው ዘማች። ሰባት ወር ፈጀብን። ጎፈሩን ፀጉር በፀጉር ሠራነው። ኮምፒውተሩ ከመጋሉ የተነሳ እንጀራ ሊጋገርበት ምንም አልቀረው። የፊቱ ቆዳ ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ በጠዋት ብርሃን ትንፋሹ ይጤሳል። አካሄዱንም እውነተኛ እናድርገው አልን። እውነተኛ ሰው ሲሮጥ ቆይቶ ባንዴ አይቆምም፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ይንደረደራል። ጋሻና ጦር የያዘ ደግሞ ይብሳል። ለመዝለልም መጀመሪያ ጉልበቱን ያጥፋል፣ ከዚያ ነው የሚነሳው። ሁሉንም አስገባነው። በጣም ኮራን።

የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እሱን አስቀምጬ ጆይስቲኩን ሰጠሁት። ገደል አፋፍ ሲደርስ የዝላይ ቁልፉን ተጫነ። ዘማቹ ጉልበቱን አጠፈ። እያጠፈ ገደል ገባ። ድጋሚ ሞከረ። አጠፈ፣ ገባ። አራት ጊዜ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «አክስቴ፣ ይሄ ሰውዬ አሞታል እንዴ?» አለኝ።

የሰባት ወር ሥራ!

እናቱ ቡና አፍልታ ጠራችኝና ወጣሁ። ስመለስ ልጁ እየሳቀ ነው። ምን አገኘ? ትክክለኛው ካራክተር ተሠርቶ እስኪያልቅ በቦታው የምናቆመው ግራጫ ነገር አለ አይደል፣ ክኒን የመሰለው? ድሮ የሞከርንበትን ፋይል ከፍቶ እሱን ይዞ ይዘላል። ክኒኑ እጅ የለውም፣ እግር የለውም፣ ጎፈር የለውም። ግን ሲጫኑት ይነሳል፣ ሲለቁት ይቆማል። ልጁ «ክኒኑ» የሚል ስም አውጥቶለት እስከ እራት ድረስ አልለቀቀውም። ሊተኛ ሲል አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፦ «ዓይን አድርጊለት»። ሁለት ነጥብ አደረግኩለት። በቃ፣ ካራክተር ሆነ።

ከዚያ በኋላ ነው የጉልበቱን እጥፋት ከዘማቹ ያወጣሁት። ሲጫኑት ወዲያው ይነሳል። ከገደሉ ጫፍ ካለፈ በኋላም ለቅጽበት ያህል መዝለል እንዲችል ፈቀድኩለት። ባለሙያዎቹ ኮዮቲ ታይም የሚሉት ነው፤ ብዙ የዝላይ ጌሞች ውስጥ አለ፣ ተጫዋቹ ግን አያየውም፣ «ጎበዝ ነኝ» ነው የሚለው። ከፊዚክስ አንጻር ውሸት ነው። ከልጁ አውራ ጣት አንጻር ግን እውነት ነው፤ ምክንያቱም እሱ በልቡ በሰዓቱ ተጭኗል።

ይሄን የእኔ ግኝት አታድርጉት። ማሪዮን ውሰዱ፣ ያን የጌም ቧንቧ ሠራተኛ። ጃፓናዊው የጌም ሠሪ ሺገሩ ሚያሞቶ በ1981፣ ዛሬ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው፣ ዶንኪ ኮንግ ለሚባለው ጌም ሲሥለው የነበረችው ቦታ በጣት የምትቆጠር የስክሪን ነጥብ ናት። አፍ አይወጣባትም፣ ስለዚህ ጺም። ፀጉር ሲንቀሳቀስ ማሳየት አስቸጋሪ ነው፣ ስለዚህ ቆብ። ክንዱ ከሆዱ ተለይቶ እንዲታይ ደግሞ የሠራተኛ ቱታ። ዓለም የሚያውቀው መልክ የወጣው ከእጥረት ነው። ይሄ ሰውዬ ደግሞ ከቁመቱ በላይ ይዘላል፣ አየር ላይ እያለ ሐሳቡን ቀይሮ ይመለሳል። «ቧንቧ ሠራተኛ እንዲህ አይዘልም» ብሎ ነጥብ የቀነሰበት አለ?

አሁን አንዳንዶቻችሁ «እሱማ የድሮ ነው፣ ዛሬ መሣሪያው አለን» እንደምትሉ አውቃለሁ። እሺ፣ ወደ ጌም ቤት እንመለስ። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ሳን አንድሪያስ የሚባለውን ጌም ታስታውሳላችሁ። ወንድሜ ይዞኝ ሲሄድ ለባለቤቱ «አብራኝ ናት፣ አትጫወትም» ይለው ነበር፣ ሴት ልጅ ምን ትሠራለች እንዳይባል። እኔ ሳጥን ላይ ተቀምጬ አያለሁ። አንድ ቀን አንዱ ልጅ የከፈለበትን ሰዓት ሙሉ የጌሙን ዋና ካራክተር፣ ሲጄን፣ በርገር ሲያበላ ዋለ። ማበላት ብቻ! ሲጄ አስታወከ፣ ድጋሚ አበላው። ሆዱ ከቲሸርቱ ወጣ። መሮጥ አቅቶት ሲያለከልክ ጌም ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ ውጭ ብይ የሚጫወቱት ሁሉ ገብተው አዩ። ከዚያ ጂም ወስዶ ሊያከሳው ሲል ሰዓቱ አለቀ።

መብላት ያወፍራል፣ ይሄ እውነት ነው። በአንድ ከሰዓት ይሄን ያህል መወፈር ግን ቀልድ ነው። የወደድነው ቀልዱን ነው። ሳን አንድሪያስን የሠራው ያው ኩባንያ በ2018 ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 የሚባለውን ጌም ሲያወጣ ዋናውን ካራክተር፣ አርተር ሞርጋንን፣ ሠራ። ጺሙ በጊዜ ያድጋል። ጠመንጃው ካልተወለወለ ያድፋል። የፈረሱ ቆለጥ፣ ታላላቆቼ ይቅርታ፣ ብርድ ሲሆን ይሰበሰባል! የሆነ ሰው ቢሮ ገብቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ያን ሠርቶ ወደ ቤቱ ሄዷል። ሥራው ድንቅ ነው፣ አልክድም፣ እኔም ጨርሼዋለሁ። ግን አርተር መሳቢያ ሲከፍት ጎንበስ ብሎ፣ በእጁ ስቦ፣ ዕቃውን አንድ በአንድ ነው የሚያነሳው። እቤቱ ሶፋ ላይ ለተቀመጠ ሰው ይሁን። በሰዓት እየከፈለ ለሚጫወት ልጅ ግን መሳቢያው የኪሱን ሳንቲም እየበላ ነው የሚከፈተው። እኛ ለማን እንደምንሠራ ካልረሳን ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

«ካርቱን ከሆነ ኢትዮጵያዊነቱ የት አለ?» የሚሉንም አሉ። ይሄ ከሁሉ ይብሳል። ቤተ ክርስቲያን ገብታችሁ ግድግዳውን አይታችሁ አታውቁም? ዓይኑ የፊቱን ሩብ የያዘ ቅዱስ የት አገር ነው ያለው? የጥንቶቹ ሠዓሊዎች ደጉን ሰው ሙሉ ፊቱን፣ በሁለት ዓይን ሣሉት። ክፉውን በጎን፣ በአንድ ዓይን። የአድዋን ሥዕል እዩ፤ የእኛ ሰው ሁለት ዓይን አለው፣ ጣልያኑ አንድ ብቻ። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ከበር ሆኖ ማን ወገን፣ ማን ጠላት እንደሆነ ይለያል። ቲም ፎርትረስ 2 የሚባለውን የተኩስ ጌም የሠሩት ሰዎች በ1999 እውነተኛ ወታደሮችን ይዘው ቀርበው ነበር። ከዚያ ያን ትተው በ2007 ሲያወጡት ዘጠኙም ካራክተሮች በጥላቸው ብቻ እንዲለዩ አድርገው፣ ደረት አስፍተው፣ እግር አቅጥነው፣ በካርቱን መልክ ሠሩት። ሲያዩት ማን እንደሆነ ባንዴ እንዲታወቅ። ዓለም ይሄን እንደ ትልቅ ትምህርት ያነሳዋል። እኛ ጋ ግን ግድግዳ ላይ ተሥሎ ስንት ዘመን ተቀመጠ! እሱን ትተን የቆዳ ቀዳዳ ስንቆጥር ከረምን፣ እኔን ጨምሮ።

የዜልዳ ጌሞችን ጀግና፣ ሊንክንም፣ ታውቁታላችሁ። ሠሪዎቹ በ2000 እውነተኛ የሚመስል ሊንክ ሲዋጋ አሳዩ፣ ሰው ጓጓ። በዓመቱ ትልልቅ ዓይን ያለው ካርቱን ልጅ ይዘው ሲመጡ ስድብ ወረደባቸው። ያ ጌም፣ ዊንድ ዌከር፣ በ2002 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ወጣ። ዛሬ ክፈቱት፣ አላረጀም። በዚያ ዘመን «ልክ እንደ ሰው» የተባሉትን ደግሞ ክፈቱ፣ ፊታቸው የቀለጠ ሻማ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር አልወርድም። ያ ውድድር ላይ ላቡ እውነተኛ ይሁን፣ ጥላው እውነተኛ ይሁን ያሉን ሰዎች አንድም ቀን የሴት ካራክተር ወገብ እውነተኛ ይሁን ሲሉ አልሰማሁም! በሁለት እጅ ጣት የሚታቀፍ ወገብ ላይ ጋሻ አንጠልጥለው «ግሩም እውነታ» ብለው ፈረሙ። እሷጋ ሲደርስ እውነታው የት ሄደ? ፍየሏ ላይ ብቻ ነው እንዴ የሚሠራው?

እውነታ ጠላት ነው አላልኩም። አስፈሪ ጌም ላይ፣ ኳስ ጌም ላይ ያስፈልጋል። ሰው ለመምሰል ትንሽ ሲቀረው የሚዘገንን ነገር እንዳለ ማሳሂሮ ሞሪ የሚባል ጃፓናዊ የሮቦት ሊቅ በ1970 ጽፎታል። ሲመሽ ቡቲክ ደጃፍ የቆመ አሻንጉሊት ያስደነገጠው ሰው ዝርዝሩን አይጠይቀኝም።

ስለ ዕድሎቹ፤ ስልክ ብዙ ነው፣ ተጫዋችም አለ፣ ክፍያው ግን ገና ነው። ሁለት ደቂቃዋ አለቀች።

ጠረጴዛዎቹ ከኋላ ተዘጋጅተዋል፣ ጆይስቲኮቹ ቻርጅ ተደርገዋል። እባካችሁ ትልልቆች ልጆችን አስቀድሙ። ፍየሏ አንደኛው ጠረጴዛ ላይ ናት። ታክሲ ተጨምሮላታል፣ ከረባት ያሰራችሁ ካላችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ፍቱት። ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ክኒኑ አለ። የእህቴ ልጅ ይዞታል፣ በቀላሉ አይለቅላችሁም።