ወንፊት ጤፍ አይጨምርም፦ የቴሌስኮፕ ፊልተሮችን እንፈትን

እንዴት አመሻችሁ! ዛሬ ጠረጴዛው ላይ ስድስት ክብ መስታወቶች አሉ። እያንዳንዳቸው ከአንድ ብር ሳንቲም ትንሽ ሰፋ ይላሉ። በመለያ ቁጥራቸው ሰማያዊው 80ኤ፣ ብርቱካናማው 21፣ ፈዛዛ ቢጫው 8፣ ግራጫው የጨረቃ ፊልተር፣ ከዚያ ደግሞ እንደ መነጽር የሚያብለጨልጩት ሁለቱ የኔቡላ ፊልተሮች፦ ዩኤችሲ እና ኦ-ስሪ (ኔቡላ በጠፈር ያለ የጋዝ ደመና ነው)። ስድስቱንም በአንድ ቴሌስኮፕ እንዴት እንደምትፈትኗቸው ነው የዛሬው ጉዳይ። ልብ በሉ፣ «የቱ ይሻላል» አላልኩም፤ «እንዴት ይፈተናል» ነው ያልኩት። የቱ እንደሚሻልም ዝም ብዬ አላልፍም፣ ስንደርስ እናገራለሁ።

መጀመሪያ ግን ጤፍ።

አዎ፣ ጤፍ! ጎጃም ተቀምጦ ስለ ማጣሪያ ለማስረዳት ሌላ ምሳሌ ፍለጋ መዞር ነውር ነው። ከአውድማ የመጣውን ጤፍ አስቡት። ገለባ አለበት፣ ጠጠር አለበት፣ አፈር አለበት። በመጀመሪያው ወንፊት ስትነፉት ጤፉ ይወርዳል፣ ገለባውና ጠጠሩ ላይ ይቀራል። ከዚያ ቀዳዳው በጣም ደቃቅ በሆነው ወንፊት ትደግሙታላችሁ፤ አሁን ትቢያው ይወርዳል፣ ጤፉ ላይ ይቀራል። በሁለቱ ወንፊቶች መሐል የቀረው የጤፏ ልክ ብቻ ነው። ከላይም ከታችም ተቆርጦ መሐሉ ብቻ። የኔቡላ ፊልተር ማለት ይኸው ነው፤ ሁለቱ ወንፊት አንድ ላይ ተጣብቆ።

አሁን ከዚህ ጤፍ ሦስት ነገር ያዙልኝ፤ ቪዲዮው እስኪያልቅ እንመላለስባቸዋለን።

አንደኛ፣ ወንፊት ጤፍ አይጨምርም። ኩንታል አስገብታችሁ ኩንታል ተኩል አይወጣም። ፊልተር ያደረገ ቴሌስኮፕ ሁልጊዜ፣ ሁልጊዜ የሚያሳየው ብርሃን ካላደረገው ያነሰ ነው።

ሁለተኛ፣ እፍኝ ጤፍ ይዞ ወንፊት መደርደር ትርፉ ድካም ነው። በትንሽ ቴሌስኮፕ ላይ በጣም ጠባብ ፊልተር ስታደርጉ የሚቀራችሁ ጨለማ ነው።

ሦስተኛዋ የምወዳት ናት። አሸዋ። ጤፍ የሚያህለው አሸዋ! እንጀራው ጥርሳችሁ ላይ ቅርጭ ሲል የምታገኙት። እሱን የትኛውም ወንፊት አይለየውም፤ ልኩ አንድ ነዋ! ጤፉ ባለፈበት ያልፋል፣ በቀረበት ይቀራል። ይህን አሸዋ አትርሱት፣ ጋላክሲ ላይ ስንደርስ ይመጣል።

እሺ፣ ቴክኒኩን ሮጥ ሮጥ እናድርገው፤ መሠረቱን ታውቁታላችሁ። የሚያበራ የጋዝ ኔቡላ ብርሃኑን የሚልከው በተወሰኑ የሞገድ ርዝመቶች ነው። ኦክሲጅን 496 እና 501 ናኖሜትር፣ ሃይድሮጂን 486 እና 656። ኦ-ስሪ ሁለቱን የኦክሲጅን መስመሮች ብቻ ያሳልፋል። ዩኤችሲ 486ንም ይጨምራል። የድሮው ቢጫ የሶዲየም የመንገድ መብራት 589 ላይ ስለሚያርፍ ሁለቱም በደንብ ይቆርጡታል። ነጩ ኤልኢዲ ግን ሁሉንም ቀለም ስለሚረጭ ከፊሉ ሾልኮ ይገባል። ሌላ አንድ ቁጥር፦ የአይፒሱን (ዓይናችሁን የምታስጠጉበትን ሌንስ) ሚሊሜትር ለቴሌስኮፑ የኤፍ ቁጥር (የትኩረት ርቀቱ ለስፋቱ ሲካፈል) አካፍሉ። 150 ሚሊሜትር ስፋትና 1200 ሚሊሜትር የትኩረት ርቀት ያለው ቴሌስኮፕ ኤፍ 8 ነው። 25 ሚሊሜትር አይፒስ ሲገባበት 3.1 ሚሊሜትር ይሰጣል፤ ወደ ዓይናችሁ የሚገባው የብርሃን ዘንግ ውፍረት ማለት ነው። ለኔቡላ ፊልተር ከ2 እስከ 5 ጥሩ ነው። 10 አይፒስ ካስገባችሁ 1.25 ይሆናል፣ ይጨልማል። እፍኟ ጤፍ ትዝ አለቻችሁ?

አሁን ወደ ፈተናው። የመጀመሪያው ፈተና ሰማይ አይፈልግም፤ በዝናብ ቀን ቤት ውስጥ ይሠራል። ለጎጃም ክረምት የተፈጠረ ፈተና ነው። አሮጌ ሲዲ ፈልጉ። አዎ፣ ያ ዘፈን ያለበት፣ ማጫወቻው ከጠፋ የቆየ። ክፍሉን አጨልሙ፣ የስልኩን መብራት ከአንድ ሁለት ሜትር ርቀት ወደ ሲዲው አብሩ፣ ቀስተ ደመናው ቁልጭ እስኪል ሲዲውን አዘንብሉት። ከዚያ ፊልተሩን ዓይናችሁ ላይ አድርጋችሁ ቀስተ ደመናውን እዩት። በ80ኤ ሁሉም ቀለም አለ፣ ቀዩና ቢጫው ብቻ ደከም ይላል። በዩኤችሲ ቢጫውና ብርቱካናማው ድራሹ ይጠፋል! አረንጓዴና ሰማያዊ መሐል ያለው ጥብጣብ ይቀራል፤ ብዙዎቹ ላይ ቀዩም ይቀራል። በኦ-ስሪ ያ ጥብጣብ ቀጭን ክር ይሆናል። ላዩ ላይ «ዩኤችሲ» ተጽፎ ቢጫውና ብርቱካናማው ካልጠፋ የያዛችሁት ቀለም የተቀባ መስታወት ነው፣ መልሱት። በስልክ መብራት ፈንታ ጧፍም ይሆናል፣ ሰማያዊው ግን ይደክማል።

ፊልተሩ አይፒሱ ታች ባለው ጥርስ ላይ ይገባል፤ የ1.25 ኢንቹ ጥርስ 28.5 ሚሊሜትር ነው። መጀመሪያ ወደ ግራ ትንሽ አዙሩት፣ «ጠቅ» ሲል ወደ ቀኝ ቀስ ብላችሁ አስገቡት። ጠማማ ከገባ ጥርሱ ይበላል። እንዳትወድሩት! ብርዱ ሲመጣ ብረቱ ይኮማተርና አልላቀቅ ይላል። አልላቀቅ ሲላችሁ ደግሞ በሁለት ጣት ጨምቃችሁ አትታገሉት፤ ስትጨምቁት ቀለበቱ ይሞላለልና ይብስበታል። የብር ማሰሪያ ላስቲክ ጠርዙ ላይ ጠምጥማችሁ ሳትጨምቁ አዙሩት፣ ይወጣል።

ማታ። ቴሌስኮፑን ከመጀመራችሁ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቀደም ብላችሁ ውጭ አውጡት፣ መስታወቱ ከአየሩ ጋር ይላመድ። ዓይናችሁም ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጨለማ ይፈልጋል። ስልክ ኪስ ውስጥ! አንድ ጊዜ መልእክት ከፍቶ ማየት ግማሽ ሰዓታችሁን ያቃጥለዋል። (ይህን ቪዲዮም በዚያ ሰዓት አትክፈቱ፤ ቀን ላይ ተመልከቱትና ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ደወሏንም ጫን።)

በጥምቀት ሰሞን ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ ኦሪዮን የተባለው የኮከቦች ስብስብ አናታችሁ ላይ ሊደርስ ምንም አይቀረውም። ቀበቶው ከሚባሉት ሦስት ኮከቦች በታች ያለው ኔቡላ፣ ኤም 42፣ የፈተና ሜዳችን ነው። 25 አይፒሱን ያለ ፊልተር አስገቡ፣ ኮከቦቹ ነጥብ እስኪሆኑ አጥሩት። ከዚያ ፊልተሩን አታስገቡት! ጠርዙን በሁለት ጣት ይዛችሁ በዓይናችሁና በአይፒሱ መሐል አስገቡ፣ አውጡ። ሦስት ሰከንድ ያለ፣ ሦስት ሰከንድ ከነፊልተሩ። ምክንያቱም ፊልተር ለመግጠም አይፒስ አውጥታችሁ ስትመልሱ አንድ ደቂቃ ያልፋል፣ ዓይን ደግሞ ከደቂቃ በፊት ያየውን ድምቀት አያስታውስም። በእጅ ሲሆን ልዩነቱ ፊታችሁ ላይ ይፈነዳል። ይህ በ25ቱ ይሠራል፣ ዓይንን ትንሽ አርቆ ማየት ስለሚቻል። በተለመደው 10 አይፒስ ግን ዓይናችሁ ሊነካው ስለሚደርስ ፊልተሩ መሐል አይገባም፤ እዚያ መግጠም ግድ ነው።

ዩኤችሲውን ስታስገቡ የኤም 42 ሁለት ክንፎች ወደ ጎን ይዘረጋሉ፣ መሐሉ ላይ ካሉት አራት ትንንሽ ኮከቦች አጠገብ ያለው ጥቁር ሰርጥ ጠርዙ ይጠራል፣ በዙሪያው ያሉት ደብዛዛ ኮከቦች ይጠፋሉ። በኦ-ስሪ ሰማዩ ይበልጥ ይጠቁራል፣ ክንፎቹ ግን አጠር ሊሉ ይችላሉ፤ ዳር ዳሩ የሃይድሮጂን ብርሃን ነበረበትና። ደብተር ላይ «ቆንጆ ነው» ብላችሁ አትጻፉ። «የቀኙ ክንፍ እስከዚች ኮከብ ደረሰ» ብላችሁ ጻፉ።

አሁን ያው ዩኤችሲ በእጃችሁ እንዳለ ወደ አንድሮሜዳ ጋላክሲ ዙሩ። ባሰበት! ደበዘዘ። ለምን? አሸዋው! ጋላክሲ የኮከቦች ብርሃን ነው፣ ሁሉንም ቀለም ይልካል፤ የባሕር ዳር የመንገድ ኤልኢዲም እንዲሁ። ልካቸው አንድ ነው። የጋላክሲ ፊልተር የሚባለው መኪናና ነዳጅ ነው፤ ከከተማ መውጣት።

እዚህ ጋ አንድ ጥያቄ ያዘን። ኮሜንት ላይ በተለያየ አባባል ደጋግማችሁ ያመጣችሁት፦ «ፊልተር አድርጌ ኔቡላው ለምን እንደ ፎቶው ቀይ አልሆነም?» ለአንድ ሰው በጽሑፍ ብመልስ ሌሎቻችሁ ትቀየማላችሁ፣ ስለዚህ ቁጭ ብለን እንጨርሰው።

ቀይ አይሆንም። በዩኤችሲም በኦ-ስሪም፣ ደመወዛችሁን ሙሉ ብትከፍሉም አይሆንም። በጨለማ የሚያየው የዓይናችን ክፍል ቀለም አይለይም። ከሁሉ በላይ የሚነቃው 507 ናኖሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ ለ656ቱ ቀይ እንደ ዕውር ነው ማለት ይቻላል። ካሜራው ያን ቀይ ለደቂቃዎች እየለቀመ ያጠራቅማል፤ ዓይን የሚያጠራቅምበት ጎተራ የለውም፣ ያገኘውን ወዲያው ይበላል። ግን እዩት፦ ዓይን የሚነቃው 507፣ ኦክሲጅኑ 501። ጎረቤት ናቸው! እነዚህ ፊልተሮች በዓይን ለሚያይ ሰው የሚጠቅሙት ለዚህ ነው። ስለዚህ ግራጫ ታያላችሁ፣ ኤም 42 ላይ ምናልባት አረንጓዴ የነካው ግራጫ። «ያየሁት ቀይ ነበር» የሚል ከመጣ ያደረገው 25 ቁጥር የሚባለውን ቀይ ፊልተር መሆኑን ጠይቁት። በቀይ መነጽር ሽሮም ቀይ ነው።

ይህን ያህል ከቆየን ለፕላኔቶች ብዙ ጊዜ አልቀረም፣ እውነቱን ለመናገር ብዙም አያስፈልጋቸውም። 10 አይፒስ፣ 120 እጥፍ፣ ጁፒተር። 80ኤ ቀያይና ቡናማ ቀበቶዎቹን ያጠቁራል፤ ከብርሃኑ የሚያሳልፈው 30 በመቶ ገደማ ነው፣ ጁፒተር ደግሞ ብርሃን አያንሰውም። ማርስ ላይ 21 ጥቁር ጥቁር ስፍራዎቹን ያጎላል፤ ማርስ ወደ ምድር በምትቀርብበት ጊዜ ብቻ፣ በየ26 ወሩ ገደማ። 25 ቁጥሩ ቀይ የሚያሳልፈው 14 በመቶ አካባቢ ስለሆነ በ150 ሚሊሜትር አትድከሙበት። ሳተርን ላይ 8 ቁጥሩ ልዩነቱ እንደ ቅኔ ነው፦ አለ ላለው አለ። ከፊልተር ይልቅ በጎረቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አለማየት ይበልጣል፤ ቀን የጋለው ቆርቆሮ ሙቀቱን ሲለቅ ፕላኔቷን ያፈላታል። የጨረቃ ፊልተሩንስ? የቴሌስኮፑ ትልቁ ክዳን ላይ ትንሽ ክዳን ካለች እሷን ብቻ ክፈቱ። ያው ነው፣ በነጻ።

ቃል የገባሁት፦ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ አንድ ብቻ ማስያዝ ከተቻለ ዩኤችሲ፣ 1.25 ኢንች። ቴሌስኮፓችሁ 200 ሚሊሜትር ከደረሰ ቀጥሎ ኦ-ስሪ። ባለ ቀለሞቹ ከሻንጣ ቢወጡ አይቆጭም። ዩኤችሲው ከደረሳችሁ በሚያዝያ መጀመሪያ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ወደ ደቡብ ዙሩ፣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ከአድማስ አንድ ስንዝር ለኩ። የካሪና ኔቡላ እዚያ ነው፣ ከአውሮፓ ጨርሶ የማይታየው። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ከሆናችሁ ከተማው በደቡብ በኩል ስለሚያበራ ወደ ጢስ ዓባይ አቅጣጫ ወጣ በሉ።

አንድ የቀረ። ርካሽ ቴሌስኮፕ ሳጥን ውስጥ «ሰን» ወይም «ፀሐይ» የተባለች ጥቁር ፊልተር፣ አይፒስ ላይ የምትገባ፣ ካገኛችሁ በመዶሻ ስበሯት። ሰው እንዳያገኛት ነው። 114 ሚሊሜትር መስታወት ወደ 10 ዋት የፀሐይ ብርሃን ሰብስቦ ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ያሳርፈዋል፤ መስታወቷ ግላ ስትሰነጠቅ ዓይናችሁ እዚያው ተደቅኗል። የጨረቃ ፊልተር ለፀሐይ አይሆንም፣ ሁለት ተደርቦም አይሆንም። የፀሐይ ፊልተር የሚገባው ከፊት ነው፣ የቱቦው አፍ ላይ፣ ብርሃኑ ከመሰብሰቡ በፊት፤ ከጎን ያለችው ትንሿ አቅጣጫ መፈለጊያ ቴሌስኮፕም ትከደን። አሁን የምናገረው ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ከፊል የፀሐይ ግርዶሽ ስላለ ነው፤ የሐምሌ ደመና ከፈቀደልን ማለት ነው። ለዚያ ቀን የሚሆነውን የፊት ፊልተር በሚቀጥለው ቪዲዮ እንሠራለን፤ የቱቧችሁን የውጭ ስፋት በሚሊሜትር ለክታችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ።