ዛሬ ፈርም፣ ዛሬ ውጣ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የማነሳው አሜሪካ ውስጥ ያለውን ፕሮቤሽን ነው፤ የተፈረደበት ሰው በመታሰር ፈንታ ግዴታ ፈርሞ፣ በተቆጣጣሪ ክትትል ሥር ውጭ የሚቆይበትን ቅጣት። በእኛ ፍርድ ቤት አነጋገር «ቅጣቱ በገደብ ሆነለት» የሚባለው ይቀርበዋል። ከአመክሮ ጋር ግን አናምታታው። ታስሮ ቆይቶ ቀሪውን ውጭ ሆኖ የሚጨርሰው ሰው እዚያ ፓሮል ላይ ነው የሚባለው፤ ፕሮቤሽን የተፈረደበት አብዛኛውን ጊዜ ከችሎት ወደ ቤቱ ነው የሚሄደው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ጅማሬው ደግ ነበር። በ1841 ቦስተን ውስጥ ጆን ኦገስተስ የሚባል ጫማ ሰሪ፣ በስካር የተከሰሰ ሰው ዋስ ሆኖ ወሰደ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰውየው ተለውጦ ሲቀርብ ዳኛው ከአንድ ሳንቲምና ከችሎት ወጪ በላይ አልቀጣውም። ማሳቹሴትስ በ1878 ነገሩን ሕግ አደረገችው። በ1980 በመላ አገሪቱ 1.1 ሚሊዮን ያህል ሰው ፕሮቤሽን ላይ ነበር፤ በ2007 ቁጥሩ 4.3 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። አሁን ወደ 3 ሚሊዮን ወርዷል፤ ያም ሆኖ ከታሰረው ሰው ይበልጣል።

ምን አበዛው? «ወንጀል በዛ» ማለት አይበቃም። ከ1970ዎቹ ጀምሮ እስር ቤቱ ሞላ፣ መዝገቡም ተከመረ። ከአሥር የወንጀል ፍርድ ዘጠኙ የሚያልቀው በክርክር ሳይሆን ከዐቃቤ ሕግ ጋር በሚደረግ ድርድር ነው፤ የድርድሩ ማጣፈጫ ደግሞ ፕሮቤሽን ነው። የዋስትና ገንዘብ አጥቶ ማረፊያ ቤት ለተቀመጠ ሰው «ዛሬ ፈርም፣ ዛሬ ውጣ» ሲባል ማን እምቢ ይላል? ለመንግሥትም ከእስር በብዙ እጥፍ ይረክሳል። የረከሰ ነገር ደግሞ እንደልብ ይታደላል። ድሮ በገንዘብ መቀጮ ወይም በተግሣጽ ይሸኝ የነበረው ሁሉ ክትትል ውስጥ ገባ። እኔ ፕሮቤሽን እስርን ተክቷል ሲባል የማልስማማው ለዚህ ነው፤ ጎን ለጎን ነው አብረው ያደጉት።

ችግሩ ያለው ግዴታዎቹ ላይ ነው። አንድ ሰው አሥር፣ አሥራ አምስት፣ አንዳንዴ ሃያ ግዴታ ይፈርማል። ለየብቻ ሲታዩ ምክንያታዊ ናቸው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ሥራ ያዝ ይባላል፣ ቀጠሮው ግን በሥራ ሰዓት ነው። በየጠዋቱ ስልክ ደውሎ፣ መለያው እንዲሆን የተመደበለት የቀለም ስም ከተጠራ በዚያው ቀን ሄዶ ለአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ሽንት መስጠት አለበት፤ የትኛው አሠሪ ነው ይህን የሚታገሠው? ያለ ፈቃድ ከካውንቲው (ከክልል በታች ካለው አስተዳደር) አይወጣም፣ ሥራው ግን ማዶ ሊሆን ይችላል። ወንጀል ካለበት ሰው ጋር አትገናኝ ይባላል፤ ወንድሙ ቢሆንስ?

ገንዘቡ ደግሞ አለ። በብዙ ቦታ የክትትሉን ወርኃዊ ክፍያ፣ የምርመራውንና የችሎቱን ወጪ የሚሸፍነው ራሱ ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1983፣ ቤርደን ከጆርጂያ በተባለው መዝገብ፣ የመክፈል አቅም ያጣን ሰው በድህነቱ ብቻ ማሰር አይቻልም ብሏል። መሬት ላይ የሚሆነውን ተመልከቱ፦ ሰውየው ባዶ እጁን ለመቅረብ ይፈራና ቀጠሮውን ይቀራል። ተቆጣጣሪው ያን ጊዜ የሚጽፈው «አልከፈለም» ብሎ አይደለም፤ «ተሰወረ» ብሎ ነው። ዕዳው መልኩን ቀየረ ማለት ነው።

ሪፖርቱ ዳኛ ጋ ሲደርስ የመያዣ ትእዛዝ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜም ጉዳዩ እስኪታይ ያለ ዋስ ይታሰራል። ችሎቱ እንደ መጀመሪያው አይደለም፤ የዜጎች ዳኞች ሸንጎ አይሰየምም፣ ማስረጃውም «ከጥርጣሬ በላይ» መሆን አይጠበቅበትም፤ ወደ አንዱ ወገን ካዘነበለ ይበቃል። ሰውየው በመጨረሻ ቢለቀቅ እንኳ የሦስት ሳምንት እስር ሥራውንም የቤት ኪራዩንም ይበላበታል። በ2019 የወጣ አገር አቀፍ ጥናት እንዳሳየው፣ ወደ ክልል እስር ቤቶች ከሚገባው ሰው 45 በመቶው የሚገባው ፕሮቤሽን ወይም ፓሮል በመጣሱ ነው፤ ወደ እስር ቤቶቹ ከሚገባው ሁሉ ሩብ ያህሉ ደግሞ ያለ አዲስ ወንጀል፣ በግዴታ ጥሰት ብቻ። ከሕዝቡ 13 በመቶ ገደማ የሆኑት ጥቁር አሜሪካውያን ፕሮቤሽን ላይ ካለው 30 በመቶ ያህል ናቸው። ፕሮቤሽን ላይ ያለን ሰው ቤት ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ሊፈትሸው ይችላል፤ አብሮ የሚኖረው ቤተሰብም ያው ፍተሻ ውስጥ ነው።

«ታዲያ ቁጥጥሩን ማጥበቅ ነው» የሚሉ አሉ። ተሞክሯል። በ1980ዎቹ መጨረሻ በ14 ቦታዎች ጥብቅ ክትትል ከተለመደው ጋር በሙከራ ሲወዳደር፣ አዲስ ወንጀል አልቀነሰም፤ የግዴታ ጥሰት ግን ጨመረ። አጥብቆ የሚያይ ብዙ ያገኛላ!

የሠራው በተቃራኒው የሄደው ነው። ካሊፎርኒያ በ2009 ባወጣችው ሕግ፣ ሰው ወደ እስር መመለስ የቀነሱ ካውንቲዎች ክልሉ ካዳነው ገንዘብ እንዲካፈሉ አደረገች። ቀድሞ ጥቅሙ የተገለበጠ ነበር፤ ክትትሉን የሚከፍለው ካውንቲው፣ እስሩን የሚከፍለው ክልሉ ስለነበር ያስቸገረን ሰው ወደ ክልሉ መላክ ይረክስ ነበር። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ የፕሮቤሽኑን ጊዜ ለአብዛኛው ከባድ ወንጀል 2 ዓመት፣ ለቀላሉ 1 ዓመት ላይ ወሰነችው።

ይህ ውል የቀረበለት ዘመድ ወይም ወዳጅ ካላችሁ፣ ከመፈረሙ በፊት ጠበቃውን ይጠይቅ፦ ጊዜው ሳይሞላ የሚቋረጠው በምን ሁኔታ ነው? በወር ስንት ይከፈላል? ጥሰት ሪፖርት ከተደረገ የፕሮቤሽኑ ጊዜ መቁጠሩን ያቆማል ወይስ ይቀጥላል? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ የታገደው አስቀድሞ የተቆረጠ ቅጣት ነው ወይስ ቅጣቱ ገና አልተወሰነም? ገና ካልተወሰነ፣ ሲጥስ ዳኛው ፊት የሚከፈተው የወንጀሉ ቅጣት ሙሉ ጣሪያ ነው።